ቆጣሪው ራሱን ካነበበ ለእኔ ምን ሥራ ይቀራል?

የውሃ አቅርቦት ምህንድስና የአራተኛ ዓመት ተማሪ መሆንሽን ገልጸሽ፣ ቆጣሪዎች በራሳቸው እየተነበቡና ቤቶች የዝናብ ውሃ እያጠራቀሙ በመሆኑ ትምህርቱን ትተሽ ወደ ሶፍትዌር ብትዞሪ ይሻል እንደሆነ ጠይቀሻል።

አይሻልም። ስማርት ቆጣሪ በየሰዓቱ ቁጥር ይልካል እንጂ የቁጥሩን ምክንያት አይናገርም። ቤተሰቡ በተኛበት፣ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ፍሰቱ በተከታታይ ሌሊቶች ዜሮ ካልደረሰ ውሃ እየፈሰሰ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። በሰዓት 10 ሊትር ትንሽ ይመስላል፤ በቀን ግን 240 ሊትር ነው። የሶፍትዌር ባለሙያው ማስጠንቀቂያውን ይልካል። ጥፋቱ የተቀበረ ቧንቧ ይሁን የማይዘጋ የመጸዳጃ ቤት ውሃ ማጠራቀሚያ፣ ወይስ ጭራሽ ጥፋት ሳይኖር ታንከሩ ሌሊት እየሞላ ይሁን የሚለየው ግን የውሃውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ነው።

የዝናብ ውሃው ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። በ1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው፤ ስለዚህ 100 ካሬ ሜትር ጣራ ከ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ እስከ 2,000 ሊትር ይሰጣል፣ በመንገድ የሚባክነው ሳይቀነስ። ይህን ውሃ የዋናው መስመር ቆጣሪ አያየውም። በዝናብ ወራት የቤቱ ፍጆታ የቀነሰ ይመስላል፤ ድርቅ ሲረዝም ግን የሰፈሩ ታንከሮች በተቀራረበ ጊዜ ይደርቁና ሁሉም ወደ ዋናው መስመር ይመለሳል። ያን ቀን መስመሩ ይችላል ወይ? የመመረቂያ ጽሑፍሽን እዚህ ጥያቄ ላይ ብትሠሪ ደስ ይለኛል። ለመጀመር የብዙ ዓመታት ዕለታዊ የዝናብ መዝገብ፣ የጣራ ስፋት፣ የታንከር መጠንና የቤተሰብ ፍጆታ ይበቃሉ፤ በየቀኑ ወደ ታንከሩ የሚገባውንና የሚወጣውን ውሃ በኤክሴል ማስላት ትችያለሽ።

ፕሮግራም መጻፍም ተማሪ፤ ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋና ከመረጃ ቋት መረጃ ማውጫው ኤስኪውኤል በትርፍ ጊዜ ይለመዳሉ። የታንከር ውሃ ወደ መጠጥ ውሃው መስመር እንዳይመለስ የሚከለክሉ መሣሪያዎችንም አጥኚ፤ እዚህ ላይ የሚፈጠር ስህተት ሰው ያሳምማል። የሰዓት በሰዓት ፍጆታ ቤቱ መቼ ባዶ እንደሚሆን ስለሚያሳብቅ፣ የመረጃ ጥበቃን የሚያውቅ ተቀጣሪም ይፈለጋል።

የምስክር ወረቀት መደርደር ብዙም አያሳምነኝም። ለውሃ አገልግሎት ድርጅት፣ ለቆጣሪ አቅራቢ ወይም ለአማካሪ መሐንዲሶች ስታመለክቺ የአንድ ቤት የፍሰት ግራፍ አያይዢ፤ ባለቤቱ ፈቅዶ፣ ማንነቱ ሳይገለጽ። ከሥሩም መጀመሪያ የትኛውን ቧንቧ እንደምትፈትሺና ለምን እንደሆነ ጻፊበት።