ኃይል ካገኘ እስኪነሣ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች መነሻቸው ቢለያይም መገናኛቸው አንድ ነው፤ መሣሪያው ኃይል ካገኘበት ቅጽበት አንሥቶ ዋናው ሥርዓት ሥራውን እስኪረከብ ድረስ ያሉት ጥቂት ሰከንዶች። በእነዚያ ሰከንዶች የሚሠራው ቡትሎደር የተባለው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ማህደረ ትውስታውን ያዘጋጃል፣ ከርነሉን፣ ማለትም የዋናውን ሥርዓት እምብርት፣ ከማከማቻው አንሥቶ ይጭናል፣ ከዚያም አስረክቦ ይወጣል። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ፣ የተመሳሰሉትንም አንድ ላይ አድርጌ አቅርቤአለሁ። አንዳንዱ በአንድ መስመር ያልቃል፤ አንዱ ግን ሌሊቱን ሲያብሰለስለኝ ስላደረ ሰፊ ቦታ ወስዷል።

ጥያቄ፦ ዩ-ቡት የተባለው ቡትሎደር ሥርዓቱን ከማስነሣቱ በፊት ወደ ኋላ ሲቆጥር የፈለግሁትን ቁልፍ ብጫን አይቆምም። የሚያወጣቸው መልእክቶች ግን ስክሪኔ ላይ ጥርት ብለው ይታያሉ።

መልስ፦ መልእክቶቹን በሚያዩበት የተርሚናል ፕሮግራም ቅንብር ውስጥ የሃርድዌር ፍሰት መቆጣጠሪያውን ያጥፉት፤ እሱ ካልሆነ የመላኪያ ሽቦዎ አልተገናኘም።

ጥያቄ፦ አንድ አንባቢ መሣሪያቸው ቶሎ እንዲነሣ ፈልገው ቡትዲሌይ የተባለውን ተለዋዋጭ -1 አደረጉት። ዜሮ ያለ መጠበቅ ከሆነ ከዜሮ በታች ደግሞ ይበልጥ ይፈጥናል ብለው ነው። አሁን መሣሪያው ጭራሽ አይነሣም፤ የትእዛዝ መስመሩ ላይ ቆሞ ይቀራል።

መልስ፦ ተበላሽቶ አይደለም፤ ያዘዙትን እያደረገ ነው። ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ሲሆን ሰከንድ ይቆጥራል፤ ከዜሮ በታች ሲሆን ግን ልዩ ትርጉም አለው። 2 ቢሉት ሁለት ሰከንድ ይጠብቃል። 0 ቢሉት ሳይጠብቅ ይነሣል፤ ሆኖም ቁልፍ ቀድሞ ተጭኖ ካገኘ ይቆማል። -1 በራስ መነሣትን ፈጽሞ ያጠፋል። -2 ደግሞ ሳይጠብቅ፣ ቁልፍ መጫኑንም ሳይመለከት ያስነሣል። አሁን ባለበት የትእዛዝ መስመር ላይ ቡት ብለው ቢጽፉ ይነሣልዎታል፤ ለዘለቄታው ቡትዲሌይን 0 አድርገው ሴቭኢንቭ በተባለው ትእዛዝ ያስቀምጡ። በእጅዎ ሌላ መግቢያ ሳይኖር -2 አያድርጉ።

ይህን ካልኩ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። ስለ ፍጥነት ከሚጽፉልኝ ሰዎች ብዙዎቹ ጊዜው የት እንደሚጠፋ ሳይለኩ ቡትዲሌይን ይኮንናሉ። ሲሪያል መስመርዎ፣ ማለትም መልእክቱ ቢት በቢት ወደ ኮምፒውተርዎ የሚያልፍበት ሽቦ፣ በሰከንድ በ115200 ቢት ፍጥነት ይሠራል እንበል። አንድ ፊደል ከመነሻና ከመድረሻ ምልክቱ ጋር 10 ቢት ስለሚወስድ፣ በአንድ ሰከንድ የሚያልፈው 11,520 ፊደል ብቻ ነው። ከርነሉ ሲነሣ 23,000 ፊደል የሚያህል መልእክት ቢያወጣ፣ ሁለት ሰከንድ ያህል የሚያልፈው ማንም በማያነበው ጽሑፍ ነው። ለከርነሉ በሚተላለፈው የቡትአርግስ መስመር ላይ ኳየት የሚለውን ቃል ቢጨምሩ ያንን ጊዜ ያተርፋሉ፤ የማቆሚያውንም ዕድል አያጡም። መጀመሪያ ይለኩ።

ጥያቄ፦ ዩ-ቡት የሚለው ስም ከየት መጣ?

መልስ፦ በጀርመንኛ ሰርጓጅ መርከብ ማለት ነው፤ ቀድሞ ፒፒሲቡት የሚባለው የቮልፍጋንግ ዴንክ ሥራ ከፓወርፒሲ ፕሮሰሰሮች ውጪ ላሉትም መዋል ሲጀምር፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ስሙ ተቀየረ።

ጥያቄ፦ ሌላ አንባቢ ራቅ ራቅ ብለው የተተከሉ መለኪያ መሣሪያዎችን ይከታተላሉ። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ አንዳንዶቹ አይነሡም። ላፕቶፕ ይዘው ሄደው የሲሪያል ገመዱን ሰክተው እንደገና ሲያስነሡት ግን ያለ እንከን ይነሣል። "እኔ ስደርስ ይድናል፤ ስመለስ ይታመማል" ብለዋል፤ ቦርዱንም ሁለት ጊዜ ቀይረዋል።

መልስ፦ ቦርዱን መቀየር ይተዉ። በሲሪያል መስመር ላይ ዝምታ ማለት ከፍ ያለ ቮልቴጅ ነው፤ መስመሩ ወደ ታች ሲወርድ ተቀባዩ ፊደል መጣ ብሎ ማንበብ ይጀምራል። ምንም ያልተሰካበት የመቀበያ እግር (ፒን) ደግሞ ወደ ላይ የሚይዘው ነገር ከሌለ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ አጠገቡ ካለ ሽቦና ከኃይል አቅርቦቱ የሚመጣ ሁከት ሁሉ ወደ ታች ይጎትተዋል። ዩ-ቡት ያንን ሁከት እንደ ቁልፍ ይቆጥረዋል፤ ሰው ሊያዘኝ ነው ብሎ ይቆማል። እርስዎ ገመዱን ሲሰኩ ገመዱ ራሱ መስመሩን ከፍ አድርጎ ስለሚይዘው ሁከቱ ይጠፋል። መድኃኒቱ ራሱ የበሽታውን ማስረጃ ደበቀ ማለት ነው።

ሁለት ነገር ያድርጉ፤ ሁለቱንም። በመቀበያው እግርና በቦርዱ የ3.3 ቮልት መስመር መካከል 10 ኪሎ ኦም የሚሆን ሬዚስተር ያስገቡ። ቀጥሎም ዩ-ቡት በማንኛውም ቁልፍ ሳይሆን እርስዎ በመረጡት ቃል ብቻ እንዲቆም አድርገው እንደገና ይገንቡት፤ ሁከት አንድ ፊደል ሊያስመስል ይችላል፣ ስምንት ፊደል ያለው ቃል ግን አይጽፍም። በዚያው ሲሪያል በር ላይ የሳተላይት ቦታ መቀበያ (ጂፒኤስ) የመሰለ መረጃ የሚልክ ዕቃ አገናኝተው ከሆነ ደግሞ ወደ ሌላ በር ያዛውሩት፤ እንዲህ ያለው ዕቃ በየሰከንዱ ሲናገር ቡትሎደሩ እሱን እየሰማ ነው የሚቆመው።

ጥያቄ፦ ሰፊውን ቦታ የወሰደው ይህ ነው። ጸሐፊው በየቦታው ለተተከሉ 200 ያህል መሣሪያዎች በሞባይል ኔትወርክ ማሻሻያ ይልካሉ። አዲሱ ከርነል በአሮጌው ላይ ይጻፋል። እስካሁን አንድም አልተበላሸም። ጸሐፊው አሮጌው ሳይነካ አዲሱ የሚጻፍበት ሁለተኛ የማከማቻ ክፍል እናዘጋጅ ሲሉ አለቃቸው ማከማቻ ማባከን ነው አሏቸው። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ እርስዎ ልክ ነዎት። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ "እስካሁን" የሚለው ቃል ነው ያስጨነቀኝ።

ከዓመታት በፊት ከፍ ያለ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ መሣሪያ በኃላፊነት ይዤ ነበር። አዲሱን ከርነል ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ጊዜ ሞክሬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ሠርቶልኝ፣ በርቀት ላክሁት። በአሮጌው ላይ እየተጻፈ ሳለ ኃይል ተቋረጠ። ሲመለስ ቡትሎደሩ ተነሣ፤ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ የሆነውን ከርነል አነበበ፤ መረጃው አለመበላሸቱን የሚመሰክረው የማረጋገጫ ድምር አልገጠመለትም፤ ስሕተቱን በሲሪያል መስመሩ ጻፈና ትእዛዝ ይጠብቅ ጀመር። በመስመሩ ሌላ ጫፍ ማንም አልነበረም። እዚያ ለመድረስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ለማስነሣት አራት ደቂቃ። ቡትሎደሩ ምንም አላጠፋም። የመጀመሪያው መንገድ ሲዘጋ በየት በኩል እንደሚሄድ ያልነገርኩት እኔ ነበርኩ።

ዩ-ቡት ይህን ለመስማት የተዘጋጀ ነው፤ ችግሩ ብዙ ሰው የማይነግረው መሆኑ ነው። ቡትካውንት የተባለው ቆጣሪ መሣሪያው በተነሣ ቁጥር አንድ ይጨምራል። ቡትሊሚት በተባለው ተለዋዋጭ ላይ ለምሳሌ 3 ካስቀመጡ፣ ቆጣሪው ከ3 ሲያልፍ ዩ-ቡት ቡትሲኤምዲ የተባለውን የተለመደ የማስነሻ ትእዛዝ ትቶ ኦልትቡትሲኤምዲ በተባለው አማራጭ ውስጥ የጻፉለትን ይፈጽማል። እዚያ ውስጥ "ከሌላኛው ክፍል አስነሣ" ብለው ይጽፋሉ። ባዶ ከተዉት ግን የሚፈጽመው ስለሌለው ያው እንደ እኔው መሣሪያ የትእዛዝ መስመር ላይ ይቆማል። ገደቡን አስቀምጠው ይህን የረሱ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ቆጣሪውን ወደ ዜሮ የሚመልሰው ማን ነው የሚለው ከሁሉም በላይ ሊያስቡበት የሚገባ ነው። ከርነሉ ስለተነሣ ብቻ ቢመልሰው ምንም አልተረጋገጠም፤ ከርነሉ ተነሥቶ ሞደሙ ላይሠራ ይችላል፤ ያን ጊዜ መሣሪያው በሕይወት እያለ ከእርስዎ እጅ ወጥቷል። ስለዚህ ቆጣሪውን የሚመልሰው ዋናው ፕሮግራም ይሁን፤ ያውም ከማዕከሉ ጋር ተገናኝቶ ቀጣዩን ማሻሻያ መቀበል እንደሚችል ካረጋገጠ በኋላ። የእኔ መለኪያ ይህ አንድ ብቻ ነው፤ መሣሪያው ራሱን ለማስተካከል የሚያስፈልገውን መንገድ ይዟል ወይ?

ቆጣሪው የሚጨምረው መሣሪያው እንደገና ሲነሣ ነው። ከርነሉ መሐል ላይ ደርቆ ቢቀር ማንም እንደገና አያስነሣውም፤ ቆጣሪውም ባለበት ይቆያል። ዋችዶግ የተባለው የጥበቃ ሰዓት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ "ደህና ነኝ" ካልተባለ መሣሪያውን ራሱ ያስነሣል። ብዙዎች ግን የሚያበሩት ዋናው ፕሮግራም ከጀመረ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል ይህን ነው። ዋችዶጉ ቡትሎደሩ ውስጥ ይብራ፤ ከርነሉ ሲረከብም ሳይጠፋ ይረከበው።

ቆጣሪው የሚቀመጥበትንም ይምረጡ። በፍላሽ ማከማቻው ላይ ተለዋዋጮቹ በሚቀመጡበት የኢንቫይሮመንት ክፍል ከሆነ በተነሣ ቁጥር ይጻፋል፤ ኖር የተባለው የፍላሽ ዓይነት ደግሞ አንዱ ክፍሉ ተሰርዞ የሚጻፈው በተለምዶ 100,000 ጊዜ ያህል ነው። ዩ-ቡት ለዚህ አፕግሬድ አቬይለብል የሚባል ተለዋዋጭ አለው፤ ቆጣሪው ወደ ፍላሽ የሚጻፈው እሱ ሲበራ፣ ማለትም ማሻሻያ በሙከራ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ቺፑ ዳግም ሲነሣ የማይጠፋ ሬጅስተር (ቺፑ ውስጥ ያለ ትንሽ ማስቀመጫ) ካለው እዚያ ማስቀመጡ የተሻለ ነው።

ኢንቫይሮመንቱ ራሱም አንድ ቅጂ ብቻ አይሁን። ፍላሽ ሲጻፍ መጀመሪያ ይሰረዛል፤ በመሰረዙና በመጻፉ መካከል ኃይል ቢቋረጥ የማረጋገጫ ድምሩ አይገጥምም፤ ዩ-ቡትም ሲገነባ የተሰጠውን ነባሪ ቅንብር ይጠቀማል። በሁለት ቅጂ እንዲጻፍ የሚያደርገውን አማራጭ ያብሩ። ነባሪው ቅንብርም መሣሪያዎን ማስነሣት የሚችል እንዲሆን አድርጉ፤ በአንዳንድ ቦርድ ላይ የአምራቹ የሙከራ ቅንብር ሆኖ ይገኛል።

አለቃዎ የሚያሳስባቸው ማከማቻ በእውነት ጠባብ ከሆነ ሁለት ሙሉ ሥርዓት ማስቀመጥ ግዴታ አይደለም። ኔትወርክ ከፍቶ አዲስ ሥርዓት ከማውረድ በቀር ምንም የማያውቅ ትንሽ ማገገሚያ ከርነል ጥቂት ሜጋባይት ይበቃዋል። ቡትሎደሩን ራሱን ግን፣ ቺፑ ሁለተኛ ቅጂ ፈልጎ መነሣት ካልቻለ በስተቀር፣ በርቀት አይንኩት። ሁሉን ካዘጋጁ በኋላ አንድ መሣሪያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ማሻሻያው በሚጻፍበት መሐል ኃይሉን ይንቀሉ፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን መቶ ጊዜ፣ በተለያየ ሰከንድ ላይ። አለቃዎንም ይጥሯቸው፤ አጠገብዎ ቆመው ይዩት።

ጥያቄ፦ አርዱዊኖ ኡኖ የተባለው ቦርዴ ከኮምፒውተር ጋር የሲሪያል ግንኙነት በከፈትኩ ቁጥር ፕሮግራሜን ከመጀመሪያው ይጀምራል።

መልስ፦ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ግንኙነቱ ሲከፈት ኮምፒውተሩ ምልክት የሚሰጥበት ዲቲአር የተባለው መስመር በ100 ናኖፋራድ ካፓሲተር በኩል ሪሴቱን (የዳግም ማስነሻውን እግር) ስለሚጎትት ቡትሎደሩ አዲስ ፕሮግራም ሊመጣ ነው ብሎ ይነሣል። በሪሴትና በግራውንድ መካከል 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ያስገቡ፤ ፕሮግራም ሲጭኑ ያውጡት።

ጥያቄ፦ አንድ ወጣት መሐንዲስ ለምርት በሚዘጋጅ ቦርድ ላይ በራሱ ምሥጢራዊ ቁልፍ የተፈረመ ከርነል ብቻ እንዲነሣ ይፈልጋል። የቁልፉን አሻራ፣ ማለትም ቺፑ ፊርማውን የሚፈትሽበትን መለያ፣ ቺፑ ውስጥ ባሉ ፊውዞች ላይ የሚያቃጥለውን ትእዛዝ አግኝቷል። ያለው ቦርድ አንድ ነው፤ "ዛሬ ማታ ልሞክረው?" ይላል።

መልስ፦ አትሞክረው። እስካሁን የተነጋገርንበት ሁሉ ቢሳሳቱበት ተመልሶ የሚስተካከል ነው፤ ይህ አይመለስም። ፊውዝ አንዴ ከተቃጠለ ቺፑ እስካለ ድረስ እንደዚያው ነው። አሻራው በተገለበጠ የባይት ቅደም ተከተል ከገባና ቺፑ ከተቆለፈ ቦርዱ ዳግመኛ አይነሣም። የግል ቁልፉ ከጠፋብህ ደግሞ የሸጥካቸው መሣሪያዎች ሁሉ ከዚያ ቀን በኋላ ማሻሻያ አያገኙም፤ ቁልፉ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚይዘው ካልተወሰነ ገና አልጀመርክም።

ቺፑ ገና ሳይቆለፍ ፊርማውን የሚፈትሽበት ሁኔታ ካለው፣ በዚያ ሁኔታ ያለ አንዳች ስሕተት መነሣቱን ደጋግመህ አረጋግጥ። ከዚያም በዚያው ቺፕ፣ በዚያው ሞዴል ላይ ይህን ሥራ ከዚህ ቀደም የፈጸመ ሰው ፈልግ፤ የቺፑ አምራች ለደንበኞቹ የሚመድባቸው መሐንዲሶች አሉና ጻፍላቸው። መስጠት የሌለብኝን ምክር በደብዳቤ ልሰጥህ አልችልም። ልትጽፈው ያሰብከውን ትእዛዝ እነሱ ሳያዩት አስገባ የሚለውን ቁልፍ እንዳትጫን። መጠባበቂያ ቦርዶችም ግዛ።

ጥያቄ፦ ኢኤስፒ32 በተባለው ቺፕ ላይ 12ኛውን እግር ከአንድ ሴንሰር ጋር አገናኘሁ፤ ከዚያ ወዲህ መነሣት እምቢ አለ። ሴንሰሩን ስነቅል ይነሣል።

መልስ፦ ያ እግር በመነሻው ቅጽበት የፍላሹን ቮልቴጅ ይወስናል፤ ሴንሰሩ ከፍ አድርጎ ከያዘው ቺፑ 3.3 ቮልት የሚፈልገውን ፍላሽ በ1.8 ቮልት ለማንቀሳቀስ ይሞክራል። ወደ ሌላ እግር ያዛውሩት። ሥዕላዊ ንድፉን ለኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ቢያሳዩም አይከፋም።

ጥያቄ፦ ራስፕቤሪ ፓይ 4 የተባለው ትንሽ ኮምፒውተሬ መጀመሪያ ከዩኤስቢ፣ ካጣ ከኤስዲ ካርድ እንዲነሣ የመነሻ ቅደም ተከተሉን በሚወስነው ቡት ኦርደር በሚለው ቅንብር ላይ ኤፍ41 ብዬ ጻፍኩ። አሁንም ካርዱን ያስቀድማል።

መልስ፦ ቁጥሩ የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። 1 ኤስዲ ካርድ፣ 4 ዩኤስቢ ማከማቻ፣ ኤፍ ደግሞ "ከመጀመሪያው ድገም" ማለት ነው። ኤፍ14 ብለው ይጻፉት፤ ኤፍ የምትለዋን አይጣሏት፤ ዩኤስቢው ዘግይቶ ቢነቃ ተመልሶ የሚፈልገው በእሷ ነው።