ከኩላሊት እጥበት በኋላ የሚጋረድ ዓይን

ጥያቄ፦ ውድ ዶክተር፣ አባቴ የ61 ዓመት ሰው ናቸው። ከስኳር ሕመም ጋር 17 ዓመት የኖሩ ሲሆን የደም ግፊትም አለባቸው። ኩላሊታቸው ሥራውን ካቆመ ወዲህ በሳምንት 2 ጊዜ እጥበት ያደርጋሉ። ከጥቂት ወራት ጀምሮ ከእጥበት ሲወጡ ዓይናቸው ይጋረድባቸዋል፤ የሰው ፊት መለየት ያቅታቸዋል፤ ማታ ላይ ግን ይለቃቸዋል። ባለፈው ሳምንት ከእጥበቱ ማግስት ጠዋት ሲነሱ የግራ ዓይናቸው የታችኛው ግማሽ ጨልሞ አገኙት። ስላላመማቸው «ይተወኛል» ብለው ዝም አሉ። ጎረቤቶቻችን ማሽኑ የዓይንን ብርሃን ይስባል ስለሚሉ አባቴ እጥበቱን ወደ 1 ቀን ለመቀነስ አስበዋል። ምን ብናደርግ ይሻላል?
ልጃቸው፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ አባትዎን ዛሬውኑ የዓይን ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ከእጥበት በኋላ መጥቶ ማታ የሚለቀው ብዥታና ጠዋት ሲነሱ ያገኙት የግማሽ ዓይን ጨለማ አንድ ነገር አይደሉም። ሁለተኛው ሕመም ስለሌለው ቀላል ይመስላል እንጂ በዓይን ሕክምና እንደ ድንገተኛ ችግር የሚታይ ምልክት ነው። ሲሄዱ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ፣ እንዲሁም በመጨረሻው እጥበት ጊዜ የደም ግፊታቸው ስንት ድረስ እንደወረደ የሚያሳየውን መዝገብ ቅጂ ይያዙ።

ማሽኑ የዓይን ብርሃን አይስብም። ሆኖም ጎረቤቶችዎ የተናገሩት ያዩትን ነውና በንቀት የሚታለፍ አይደለም፤ በእጥበት ላይ ያሉ ብዙ ሰዎች ዓይናቸው ይደክማል። ዋናው ምክንያት ግን ኩላሊትንና ዓይንን አስቀድሞ የጎዳው አንድ ሕመም መሆኑ ነው። ስኳርና የደም ግፊት በኩላሊት ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ሲያበላሹ፣ በዓይን ኋላ ባለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን፣ በሬቲና ላይ ያሉትንም ያበላሻሉ። ስለዚህ በስኳር ምክንያት ኩላሊቱ የደከመ ሰው ዓይኑ ጤነኛ ቢመስለውም ሬቲናው ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። እጥበቱ ደሙን ያጣራለታል እንጂ ሬቲናውን አያክምለትም፤ ሬቲና በሌዘርና በዓይን ውስጥ በሚሰጥ መርፌ ለብቻው ይታከማል። አባትዎ የዓይናቸው ብሌን በጠብታ ተከፍቶ ሬቲናቸው የታየበትን ጊዜ ካላስታወሱ ይህ ራሱ ለመሄድ በቂ ምክንያት ነበር።

ወደ ጠዋቱ ጨለማ ልመለስ። ከደብዳቤዎ ብቻ ተነሥቶ ምንነቱን መለየት አይቻልም፤ የሬቲና መላቀቅ፣ የሬቲና ደም ሥር መዘጋት ወይም በዓይን ውስጥ የፈሰሰ ደም ሊሆን ይችላል። በእጥበት ላይ ላለ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የማስበው ግን የዓይን ነርቭ ደም ማጣትን ነው። በእጥበት መካከል ወይም ከዚያ በኋላ የደም ግፊት ከልክ በላይ ሲወርድ፣ በተለይም የደም ማነስ ካለ፣ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ መነሻው ላይ የሚደርሰው ደም ያንሰዋል፤ ሰውየውም ብዙ ጊዜ ከእንቅልፉ ሲነሳ የእይታው ግማሽ ጠፍቶ ያገኘዋል። የጠፋውን በእርግጠኝነት የሚመልስ መድኃኒት የለም። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ነገር ግን ያው የግፊት መውረድ ከተደጋገመ ሁለተኛውን ዓይን ሊወስድ ስለሚችል ሊደበቅ አይገባም። መንስኤው ይኸው ሆኖ ከተገኘ የቀኝ ዓይናቸውን ለማዳን ዋናው ሥራ የሚሠራው በእጥበት ክፍሉ ውስጥ ነው።

እጥበቱን ወደ 1 ቀን መቀነስ ነገሩን ያባብሰዋል። በአብዛኛው የሚመከረው በሳምንት 3 ጊዜ፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ነው፤ በአገራችን ብዙዎች በ2 ጊዜ የሚወሰኑት በወጪው ምክንያት መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ በማንም ላይ አልፈርድም። ቀናቱ ሲያንሱ ግን በመካከል የሚጠራቀመው ፈሳሽ ይበዛል፤ የበዛው ፈሳሽ በ4 ሰዓት ሲወጣ ደግሞ ግፊቱ ይወድቃል። ለ1 ኪሎ ክብደት በሰዓት ከ13 ሚሊ ሊትር በላይ ማውጣት ለአደጋ ያጋልጣል፤ ይህም 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በ4 ሰዓት ከ3 ሊትር ጥቂት ያለፈ ማለት ነው። ስለዚህ በእጥበቶቹ መካከል የሚጠጣውን ሁሉ፣ ውሃውን፣ ሻዩን፣ ቡናውን፣ የሾርባውን ፈሳሽ ጭምር ይቁጠሩ። ጠበል የሚጠጡ ከሆነም በዚያው ልክ ውስጥ ይቆጠር፤ ከእምነታቸው ሳይለዩ በጥቂቱ መቅመስ ይችላሉ። ጨው መቀነስ ደግሞ ጥማቱን ስለሚያስታግስ ውሃ ከመከልከል ይልቅ ይቀላል።

ለእጥበት ሐኪማቸውም ይህን ይንገሩ፤ እነዚህንም ይጠይቁ። የግፊት መድኃኒቱ በእጥበቱ ጠዋት መወሰድ አለበት ወይስ ወደ ማታ ይዛወር? ደረቅ ክብደታቸው፣ ማለትም ትርፍ ፈሳሽ ሳይኖርባቸው ሊመዝኑ የሚገባው ክብደት፣ ከልክ በላይ ዝቅ ተደርጎ ይሆን? የደም ማነሱስ ታይቷል? በእጥበቱ መካከል ምግብ መብላት በአንዳንድ ሰዎች ላይ ግፊቱን ስለሚጥል እሱንም ያንሱ። አባትዎ በማሽኑ ላይ እያሉ ዓይናቸው ከተጋረደ እስኪያልቅ ሳይታገሡ ያኔውኑ ለነርሷ ይናገሩ፤ የሚወጣውን ፈሳሽ መጠን መቀነስ በእሷ እጅ ነው።

ዓይን ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የመጀመሪያው ቃላችሁ «እጥበት ላይ ናቸው» የሚል ይሁን። የዓይን ግፊት ለማውረድ የሚታዘዘው አሴታዞላሚድ የተባለው ክኒን፣ ዲያሞክስ በሚል ስምም የሚታወቀው፣ በኩላሊት በኩል የሚወጣ በመሆኑ በእነዚህ ታማሚዎች ሰውነት ውስጥ ተጠራቅሞ ያደነዝዛል፤ አእምሮንም ያውካል። ቲሞሎል የተባለው ጠብታ እንኳ ወደ ደም ገብቶ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ሊያወርድ ይችላል። ለሬቲና ፎቶግራፍ ቀለም በመርፌ የሚሰጥ ከሆነ ፊስቱላ፣ ማለትም ለእጥበት ተብሎ በቀዶ ሕክምና የተገናኘ የደም ሥር፣ ባለበት ክንድ አይሁን። የሞራ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገም እጥበት በሌለበት ቀን ይያዝላቸው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስዱ አንባቢዎች ካሉም ኤታምቡቶል በኩላሊት የሚወገድ ሆኖ ሲጠራቀም የዓይን ነርቭን ስለሚጎዳ፣ ቀይና አረንጓዴን መለየት ካስቸገራቸው ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይምጡ።

ጥያቄ፦ የ38 ዓመት ሰው ነኝ፤ እጥበት ከጀመርኩ 3 ዓመቴ ነው። ሁለቱም ዓይኖቼ ይቀላሉ፤ አሸዋ እንደገባባቸው ይቆረቁሩኛል። ከፋርማሲ ጠብታ እየገዛሁ ስጨምር ለጥቂት ቀን ይሻለኛል፤ መልሶ ግን ይነሣል።

መልስ፦ የደረቅ ዓይን ምልክት ይመስላል፤ በእጥበት ላይ ባሉ ሰዎችም የተለመደ ነው። ሌላው ሊሆን የሚችለው በደምዎ ውስጥ የፎስፌት፣ ማለትም ከምግብ የሚገኝ ማዕድን፣ መጠን ከፍ ብሎ ከካልሲየም ጋር በዓይን ነጩ ክፍል ላይ እንደ ኖራ መቀመጡ ነው፤ ሐኪም በማጉያ መሣሪያ ሲያየው ይለየዋል። የመጨረሻውን የፎስፌትና የካልሲየም ውጤትዎን ይጠይቁ፤ በምግብ ውስጥ ያለውን ፎስፌት ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ የሚያደርገው መድኃኒት ከታዘዘልዎት ከምግብ ጋር እንጂ በባዶ ሆድ አይውሰዱት፤ ጥቁር ለስላሳ መጠጦችን ይተዉ። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የሚጨምሩት ጠብታ ነው፤ ስቴሮይድ የተባለው ብግነትን የሚቀንስ መድኃኒት ያለበት ከሆነ ሲቆይ የዓይን ግፊትን ያነሣል፤ ሞራም ያመጣል። ጠርሙሱን ይዘው ዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ እጥበቱን በአንገትዎ በገባ ካቴተር፣ ማለትም በቀጭን ቱቦ፣ የሚያደርጉ ከሆነና ከዓይኑ መቅላት ጋር ትኩሳትና የእይታ መቀነስ ከመጣብዎት ግን በዚያው ሰዓት ይሂዱ፤ በካቴተሩ በኩል የገባ ተሕዋስ ዓይን ውስጥ ሊደርስ ይችላልና።