ጢም ያላትን ሴቴ ተርኪ መተኮስ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

የስፕሪንግ ተርኪ (ዶሮ የሚመስለው ትልቁ የዱር ወፍ) አደን ሲቃረብ እዚህ አሜሪካ ካሉ አንባቢዎች የሚደርሰኝ ጥያቄ ይበዛል። የዘንድሮው አብዛኛው ስለ አንድ ነገር ነው። የወንዱ ተርኪ ደረት ላይ እንደ ፈረስ ጭራ ቁልቁል የሚንጠለጠል ቀጭን የላባ ዘለላ አለ፤ አዳኞች ጢም ይሉታል። አንዳንዷ ሴቴም ታበቅለዋለች። በአማካይ ከመቶ አሥር ገደማ የሚሆኑት ናቸው፤ እንደየአካባቢው ቁጥሩ ከፍና ዝቅ ይላል።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ የቨርጂኒያ የአደን ፈቃድ አወጣሁ። በስፕሪንግ የሚገደለው ወንዱ ብቻ ነው ሲሉኝ ነበር፤ ደንቡ ላይ ግን ‘ጢም ያለው ተርኪ’ ነው የሚለው። ሴቴዋ ጢም ካላትስ?» — አሌክሳንድሪያ

ይፈቀድልሃል። የቨርጂኒያ ደንብ የሚጠይቀው ጢሙን እንጂ ጾታውን አይደለም። ሜሪላንድ፣ ፔንስልቬንያና ሚኒሶታም እንዲሁ ናቸው። ጢም ከሩቅ የሚታይ ምልክት ስለሆነ አዳኙን አያስቸግርም፤ ተሳስቶ ጢማም ሴቴ የጣለ ሰውም ወንጀለኛ አይባልም።

ስቴት ስትቀይር ግን ሕጉም ይቀየርብሃል። ጆርጂያና አላባማ በስፕሪንግ የሚፈቅዱት ወንዱን ብቻ ነው፤ ሴቴዋ ጢም ኖራት አልኖራት አትነካም። ቴክሳስ ውስጥ ደግሞ በአብዛኞቹ ካውንቲዎች ወንዱም ጢማሟም ይፈቀዳሉ፤ በምሥራቅ በኩል ባሉት ጥቂት ካውንቲዎች ግን ወንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ የምታድንበትን ካውንቲ የዘንድሮ ደንብ ራስህ አንብብ። የአምናው አይበቃም፤ ጓደኛ የነገረህም አይበቃም።

«አብሮኝ የሚያድን ልጅ ጢም ያላት ሴቴ መካን ስለሆነች ብትገደል ምንም አይደለም ይላል። እውነት ነው?» — ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ

ፈጽሞ እውነት አይደለም። ይህን ወሬ ከየት እንዳመጡት ባላውቅም ብዙ ሴቴዎችን አስጨርሷል ብዬ እፈራለሁ። ጢማሟ እንደማንኛዋም ሴቴ ትጥላለች፣ ትታቀፋለች፣ ታሳድጋለች። መሬት ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ መርጣ በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥር፣ አሥራ ሁለት እንቁላል ትጥልና 28 ቀን ያህል ታቅፋ ትቀመጣለች። ጫጩቶቹ ዛፍ ላይ ወጥተው ማደር የሚችሉት ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሞላቸው ነው። እስከዚያ ክንፏ ሥር፣ መሬት ላይ ነው የሚያድሩት። እሷ ከሌለች አንዳቸውም አይተርፉም።

«ባለቤቴ ዓምና ጢም ያላት ሴቴ ገድሎ መጣ። ሕጋዊ ነው አለኝ፤ አጣርቼ እውነቱን እንደሆነ አወቅሁ። ልቤ ግን እስካሁን አልተቀበለውም። ማካበዴ ነው?» — ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

አይደለም፣ እህቴ። እኔም ያንኑ አድርጌያለሁ።

የመጀመሪያ ዓመቴ ነበር። ከሼናንዶዋ ሸለቆ በላይ ካለ ጫካ ውስጥ ኦክ ዛፍ ተደግፌ ተቀምጫለሁ። ገና ሲነጋ አንድ ተርኪ ቅጠል እየጫረ መጣ፤ ደረቱ ላይ ቀጭን ጢም አየሁና ተኮስኩ። ስደርስ ሴቴ ናት። ደንቡ ስለሚፈቅድ ደስ ብሎኝ ተሸክሜ ወረድኩ። ቤት ገብቼ ሆዷን ስከፍት ጣቴ ጠንካራ ነገር ነካ። ቅርፊቱ የጸና፣ ቡናማ ነጠብጣብ ያለበት እንቁላል ነበር። ከኋላው ደግሞ አስኳሎቹ ከትልቅ እስከ ትንሽ ተደርድረዋል፤ ዶሮ የበለተ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት። ያን ቀን ጠዋት የሆነ ቦታ ጎጆ ነበራት። ምናልባት አምስት፣ ስድስት እንቁላል ቀድሞ ተቀምጦ ነበር።

እናቴ ለበዓል አውራውን ነበር የምታሳርደው። እንቁላል የያዘች ዶሮ ታረደች ከተባለ ቤቱ ውስጥ ቁጣ ነበር። ይህን እያወቅሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ጫካ ስገባ ግን ረሳሁት።

ለባለቤትሽ ፍትሐዊ ልሁንና፣ መንጋው ደህና በሆነበት አካባቢ ጥቂት ጢማሞች ቢገደሉ ቁጥሩን ያን ያህል እንደማይጎዳው የሙያው ሰዎች ይናገራሉ። ጢማሞቹ ራሳቸው ጥቂት ናቸውና። በደቡብ ምሥራቅ ስቴቶች ግን ተርኪው እየቀነሰ ነው፤ ጆርጂያ በ2022 ለአንድ አዳኝ የሚፈቀደውን ከሦስት ወደ ሁለት ያወረደችው በዚህ ምክንያት ነው። ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በመላው አሜሪካ የቀረው ተርኪ ወደ 200,000 ወርዶ ነበር። ዛሬ ወደ 6 ሚሊዮን ገደማ የደረሰው ወጥመድ እየዘረጉ ይዘው ባለቀበት ጫካ ሁሉ ስለመለሱት ነው። ወጪው የተሸፈነውም በከፊል በ1937 በወጣው ሕግ መሠረት በጠመንጃና በጥይት ላይ ከሚጣለው ግብር፣ ማለትም ከአዳኞች ኪስ ነው።

ስለዚህ ባለቤትሽ ወንጀል አልሠራም። እኔ ግን በስፕሪንግ ጢማም ሴቴ አልተኩስም፤ እሱም እንዳይተኩስ እለምነዋለሁ። እንቁላል የያዘችበት ወቅት ነው።

«ጎህ ሲቀድ ብርሃኑ ደብዘዝ ብሎ እያለ በምን ልለያቸው?» — ፌርፋክስ፣ ቨርጂኒያ

ጢሙን መጨረሻ ላይ እይ። መጀመሪያ ራሱን ተመልከት። የወንዱ ራስ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ሆኖ ከሩቅ ያበራል፤ የሴቴዋ ደብዛዛ ግራጫ ሰማያዊ ነው፣ አናቷ ላይም ትንንሽ ላባ አላት። ቀጥሎ ደረቱን። የወንዱ የደረት ላባ ጫፉ ጥቁር ስለሆነ ሰውነቱ የጠቆረ ይመስላል፤ የሷ ጫፉ ፈዛዛ ቡናማ ነው። የሴቴ ጢምም አብዛኛውን ጊዜ ቀጭንና አጭር ነው። ወጣት ወንድም አጭር ጢም ስላለው በጢም ብቻ የሚለይ ሰው ይሳሳታል።

ሌላ ነገር ልጨምር፤ ካልጠየቃችሁኝም እናገራለሁ። ቀይ፣ ነጭ ወይም ሰማያዊ ነገር ለብሳችሁ ጫካ አትግቡ፤ መሀረብም ቢሆን። ቅጠል የመሰለ ልብስ የለበሰ ሌላ አዳኝ ያችን ቀለም ብቻ አይቶ የተርኪ ራስ ሊመስለው ይችላል። በድምፅም አትተኩሱ። የተርኪ ድምፅ እያስመሰለ የሚጣራው ሰው ሊሆን ይችላል።

«አትላንታ፣ ጆርጂያ ነው የምኖረው። ጢሙን አይቼ ተኮስኩ፣ ሴቴ ሆና ተገኘች። እዚያው ጥዬ መጣሁ፤ እንቅልፍ አጣሁ።»

ወንድሜ፣ ጥለህ መምጣትህ ከስህተቱ የባሰ ነው። አሁንም ለስቴቱ የዱር እንስሳት ጥበቃ መኮንኖች ደውለህ የሆነውን እንደሆነው ንገራቸው። ራሱ ደውሎ የተናገረ ሰውና ተደብቆ የተያዘ ሰው እኩል አይታዩም። ግሪን ካርድ ላይ ከሆንክ ግን ከመደወልህ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክር፤ የዜግነት ማመልከቻው በሕግ አስከባሪ የተሰጠህን ክስ ይጠይቃልና። ሌላ ጊዜ እንዲህ ቢያጋጥምህ ደግሞ ጭነህ ወደ ሌላ ስቴት እንዳትሻገር። ከ1900 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሌሲ አክት የተባለው የፌዴራል ሕግ ያንን ለብቻው ጥፋት ያደርገዋል።

«ሥጋው ለዶሮ ወጥ ይሆናል? ጾም ላይ ከሆንንስ?» — ሁለት አንባቢዎች

በጾም የተገደለውን ቆራርጣችሁ ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት። በጥይት የሞተ መብላት በእምነታችሁ ይፈቀድ እንደሆነ የንስሐ አባታችሁን ወይም ኢማማችሁን ጠይቁ፤ እኔ አልመልስም። ለወጡ ደረቱ ቶሎ ይደርቃልና ለጥብስ አድርጉት። እግሩ ጅማታም ስለሆነ ቁሌቱ ላይ ጨምራችሁ በዝግታ፣ ከቤት ዶሮ እጥፍ ጊዜ አብስሉት።