ግማሽ ኑዛዜ፦ ሥራ ለምትጀምሩ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣ ዕድሜውን ከሒሳብ መዝገብ ጋር የጨረሰ ጡረተኛ ኦዲተር ስለ አንድ ጀርመናዊ ብስክሌተኛ ሲጽፍላችሁ ግር ይላችሁ ይሆናል፤ ሆኖም ስለ ሥራ ታማኝነት ባሰብሁ ቁጥር የሚታወሰኝ ኤሪክ ዛቤል ነው።

ዛቤል እ.ኤ.አ. በ1970 በምሥራቅ በርሊን ተወለደ፤ አባቱም ብስክሌተኛ ነበር። ከ1996 እስከ 2001 ለስድስት ተከታታይ ዓመታት በታላቁ የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር በቱር ደ ፍራንስ ብዙ ነጥብ ለሚሰበስብ ተወዳዳሪ የሚሰጠውን አረንጓዴ ማልያ ወሰደ፤ የጣሊያኑን የሚላን–ሳን ሬሞ የብስክሌት ውድድርም 4 ጊዜ አሸነፈ። በ2004 አምስተኛውን ድል ሊጨብጥ ሲል፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ፣ መስመሩን ሳያልፍ እጆቹን በደስታ ሲያነሣ ስፔናዊው ኦስካር ፍሬይሬ ብስክሌቱን ወደ ፊት ገፍቶ ለጥቂት ቀደመው። መካሪ ሁሉ ይህን ታሪክ ይወደዋል፤ እኔን ግን ብዙም አያሳስበኝም፤ ሰው ሁሉ እያየው የተፈጸመ፣ ዕዳውም በዚያው ቅጽበት የተከፈለ ስሕተት ነውና።

የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በግንቦት 2007 ቦን ከተማ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ፣ እንባ እየተናነቀው፣ በ1996 ኢፒኦ የተባለውን ቀይ የደም ሕዋሳትን የሚያበዛ የተከለከለ አበረታች ቅመም መውሰዱን አመነ። ነገር ግን የወሰድሁት ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው፣ ስላልተስማማኝ ተውሁት አለ። ብዙዎች አዘኑለት፤ መወዳደሩንም ቀጠለ። (በ1996 ኢፒኦን የሚለይ ምርመራ አልነበረም፤ ቅመሙን የወሰደውም እርሱ ብቻ አልነበረም፤ ይህን መዘንጋት ግፍ ይሆናል።) በሐምሌ 2013 የፈረንሳይ ሴኔት፣ ከ1998ቱ ቱር ተቀምጠው ከቆዩ ናሙናዎች የተገኘውን ውጤት ይፋ ሲያደርግ የዛቤል ስም ወጣ፤ ያን ጊዜ ቅመሙን ለዓመታት መጠቀሙን ተናገረ። ሁለተኛው ኑዛዜ የመጀመሪያውን እንባ ሳይቀር አጠራጣሪ አደረገው።

ይህን የምፈርደው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። በሥራ ሁለተኛ ዓመቴ ሦስት መጋዘኖችን ሳልቆጥር ቆጥሬአለሁ ብዬ ፈረምሁ። አለቃዬ በአንዱ ላይ ጥርጣሬ ሲያነሡ ስለዚያ ብቻ ተናዝዤ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ እርሳቸውም «ልጅነት ነው» ብለው አለፉኝ። የጎዳኝ ይኸው ይቅርታ ነበር፤ ያላወቁትን ይቅር ያሉኝን ሰው ደግሜ ላሳዝን አልደፈርሁምና፣ ስለ ታማኝነቴ በሰው ፊት ባመሰገኑኝ መጠን የቀሩትን ሁለቱን መናገር እየከበደኝ ሄደ። አራት ወር ቆይቼ ነገርኋቸው። ስለ መጋዘኖቹ ብዙም አልተቆጡም። «ያን ዕለት ሦስቱንም ብትነግረኝ ምን አደርግህ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ፤ ዝም ብዬ ቆምሁ።