«የኤርትራ ባሕር» የት ነው?

ጥያቄ፦ በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን አስተምራለሁ። ኦሪት ዘጸአትን ስናነብ «የኤርትራ ባሕር» ከሚለው ላይ ደረስን። አንድ ልጅ በካርታ ላይ ምጽዋን አሳይቶ «ሙሴ ባሕሩን የከፈለው እዚህ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ቀይ ባሕር ማለት ነው ብዬ ብመልስለት «ታዲያ ለምን ኤርትራ ይላል?» አለኝ፤ መልስ አጣሁ። በየትኛው ስም ልጥራው? ቦታውስ የት ነው?

መልስ፦ ምጽዋ አለመሆኑን መጽሐፉ ራሱ ይነግረናል። ሕዝቡ የተነሣው ከራምሴ ነው፤ የከተማዪቱ ፍርስራሽ በዓባይ ዴልታ ሰሜን ምሥራቅ፣ ዛሬ ቃንቲር በሚባለው መንደር አካባቢ ተገኝቷል። ከዚያ በኋላ ከባሕሩ በፊት የተጠቀሱት ሰፈሮች ሱኮት፣ ኤታምና ፊሀሒሮት ብቻ ናቸው። ከቃንቲር እስከ ምጽዋ ግን በቀጥታ ቢለካ እንኳ ከ1,500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ልጆችና ሽማግሌዎች ይዞ፣ ከብት እየነዳ የሚሄድ ሕዝብ በሦስት ሰፈር የሚጨርሰው መንገድ አይደለም።

ልጁ ያነሣው «ለምን ኤርትራ ይላል?» የሚለው ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል። የዕብራይስጡ መጽሐፍ ባሕሩን «ያም ሱፍ» ይለዋል። «ሱፍ» ሕፃኑ ሙሴ በሣጥን ሆኖ የተቀመጠበት የወንዝ ዳር ቄጠማ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ሊቃውንት ስሙን «የቄጠማ ባሕር» ብለው ይፈቱታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ኦሪትን ወደ ግሪክኛ የመለሱት አይሁድ ግን ቃሉን አልፈቱትም፤ በዘመናቸው ባሕሩ በሚታወቅበት ስም «ኤሪትራ ታላሳ»፣ ቀይ ባሕር፣ አሉት። በግሪኮች አጠራር ይህ ስም ዛሬ ቀይ ባሕር የምንለውን ብቻ ሳይሆን የሕንድ ውቅያኖስንም ይጨምር ነበር። የሐዋርያት ሥራና የዕብራውያን መልእክትም ይህንኑ ስም ይዘዋል።

የእኛ አባቶች መጽሐፉን ከግሪክኛ ወደ ግእዝ ሲመልሱ «ኤሪትራ»ን እንደ ተጸውዖ ስም ተቀበሉት። ግእዝ «ቀይሕ» የሚል ቃል እያለው «ባሕረ ኤርትራ» ብለው ጻፉ። ዳዊት የሚደግም ሰው ከመዝሙር 135 ያውቀዋል። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ «የኤርትራ ባሕር» አለው።

የልጁ ግራ መጋባት የሚጀምረው ከዚህችው «የ» ነው። በአማርኛ «የ» ባለቤትነትን ታመለክታለች፤ «የከበደ ቤት» ስንል ቤቱ የከበደ ነው። ነገር ግን ስም ብቻ የምትሰይምበትም አገባብ አላት። «የጣና ሐይቅ» ስንል ጣና የሚባል ጌታ ሐይቅ አለው ማለታችን አይደለም፤ ሐይቁ ራሱ ጣና ነው። «የኤርትራ ባሕር»ም እንዲሁ ነው፤ ኤርትራ የባሕሩ ስም እንጂ በዳርቻው ያለ አገር ስም አይደለም። ሊሆንም አይችልም፤ አገሪቱ በዚህ ስም የተጠራችው ኢጣሊያ በ1882 ዓ.ም. ቅኝ ግዛቷን ስትሰይም ነው፤ ስሙም የተወሰደው ከዚሁ ከጥንቱ የባሕር ስም ነው። ባሕሩ ለአገሩ ስም ሰጠ እንጂ አገሩ ለባሕሩ አልሰጠም። ይህን ቅደም ተከተል የሳተ ንባብ ጽሑፉ የማይለውን ያስብለዋል፤ በዚህ ጉዳይ ለዘብ ማለት አልፈልግም።

ጣትዎን በካርታው ላይ የት ያሳርፉ? ከቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከስዊዝ አካባቢ። የተሻገሩበት ትክክለኛ ስፍራ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ አንዳንዶች የስዊዝ ባሕረ ሰላጤ ጫፍ ነው ሲሉ፣ ሌሎች ቄጠማውን ምክንያት አድርገው ከዚያ በስተሰሜን ያሉትን የመራራ ሐይቆች፣ የቲምሳን ወይም የባላሕን ሐይቅ ይመርጣሉ። ለልጆች ይህ ሁሉ ክርክር አያስፈልጋቸውም፤ «ከግብፅ ምሥራቃዊ ዳርቻ» ማለት ይበቃቸዋል። ግን አንድ ጥንቃቄ አለ፤ በመጽሐፉ ውስጥ ስሙ ሁልጊዜ አንድ ጠረፍ አያመለክትም። ሰሎሞን በዔጽዮንጋብር መርከቦች ሲሠራ የተጠቀሰው የኤርትራ ባሕር በኤዶምያስ ምድር ያለ ነው፤ ያ ዛሬ ኤላት የምትገኝበት የአቃባ ባሕረ ሰላጤ ነው። ስለዚህ ስሙን ባገኙ ቁጥር በዙሪያው የተጠሩትን ከተሞች ይመልከቱ።

ስለ አጠራሩ፣ መጽሐፉን ሲያነቡ እንደ ተጻፈው «የኤርትራ ባሕር» ይበሉ፤ ሲያስረዱ «ቀይ ባሕር» ይበሉ። አዳዲስ ትርጉሞችም የሚጽፉት እንዲህ ነው። ልጆቹ በቃላቸው የያዙትን ጥቅስ ግን አያስቀይሯቸው።