የሕክምና ምስል ምርመራና የካርበን ልቀት፦ ከጎንደር ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በጎንደር በራዲዮሎጂ ሙያ የማገለግል እንደመሆኔ፣ ነዋሪዎችና ባልደረቦቼ ያቀረቡልኝን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምስል ምርመራ የአየር ንብረትን ይጎዳል?

መልስ፦ አዎ፣ መሣሪያዎቹ ኤሌክትሪክ ስለሚወስዱ ድርሻ አለው። በአውስትራሊያ ሁለት ሆስፒታሎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ የኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሣ ምስል) ምርመራ በካርበን ዳይኦክሳይድ ሲመነዘር 17.5 ኪሎ ግራም፣ ሲቲ ስካን (በራጅ ጨረር የሰውነትን ውስጥ በንብርብር የሚያሳይ) 9.2፣ የደረት ራጅ 0.76፣ አልትራሳውንድ ደግሞ 0.53 ኪሎ ግራም ልቀት ያስከትላል።

ጥያቄ፦ የእኛ ኤሌክትሪክ ከውኃ የሚመነጭ ከሆነ ምን ያሳስበናል?

መልስ፦ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ከአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ ኃይል ስለሚገኝ፣ የአውስትራሊያው ቁጥር በቀጥታ ለእኛ አይሠራም። ይሁን እንጂ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ይነሣል፤ አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠልም ወደ 2.7 ኪሎ ግራም ካርበን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳዝነኝ የምርመራ ድግግሞሽ ነው፦ ከመተማ ወይም ከደባርቅ ለትራንስፖርት ተበድሮ የመጣ ታካሚ፣ ፊልሙ ስለጠፋ ወይም የቀድሞው ውጤት ስላልተላከለት ብቻ ያንኑ ምርመራ እንደገና ሲነሣ፣ ነዳጁም ገንዘቡም ጨረሩም በከንቱ ይጨመርበታል። ምስሉ በዲጂታል ተቀምጦ ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል ቢተላለፍ ይህ ሁሉ ይቀር ነበር።

ጥያቄ፦ መሣሪያዎቹን ማታ ማጥፋት ይቻላል?

መልስ፦ እንደ መሣሪያው ይለያያል። በስዊዘርላንድ ባዝል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት፣ ሲቲ ስካን ከሚወስደው ኃይል ሁለት ሦስተኛው ታካሚ በሌለበት ሰዓት እንደሚባክን አረጋግጧል። ስለዚህ የአምራቹን መመሪያ ተከትሎ ማጥፋት ይጠቅማል፤ ለድንገተኛ ታካሚ ያለው ብቸኛው ሲቲ ስካን ከሆነ ግን አይጠፋም። የኤምአርአይ ማግኔት ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሆነ ፈሳሽ ሂሊየም ስለሚቀዘቅዝ፣ ማቀዝቀዣው ሌሊትም ይሠራል።

ጥያቄ፦ ወገቤን ሦስት ሳምንት አሞኛል፤ ኤምአርአይ ልነሣ?

መልስ፦ እናቴ፣ አብዛኛው የወገብ ሕመም በስድስት ሳምንት ውስጥ ይሻላል። የእግር መዛል፣ ሽንት አለመቆጣጠር፣ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ ወይም የቀድሞ ካንሰር ካለ ግን ሳይዘገዩ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ የአከርካሪ ቲቢም በአገራችን የሚዘነጋ አይደለም።

ጥያቄ፦ በፖሊሲ በኩል ምን ይደረግ?

መልስ፦ አገራችን እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ያደረገችው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ግብርናን፣ ደንን፣ ኃይልንና ትራንስፖርትን ያካተተ ሲሆን ጤናን ራሱን የቻለ ምሰሶ አላደረገም። አስፈላጊ ምርመራ ይቀነስ የሚል ሐሳብ የለኝም፤ ብዙ ሕመምተኞቻችን ገና አንድም ጊዜ አልተመረመሩም። መሣሪያ ሲገዛ ግን ሥራ በፈታበት ሰዓት ምን ያህል ኃይል እንደሚወስድ በጨረታ ሰነዱ ይጠየቅ።