ስለ ሪሊዝ የጠየቃችሁኝ

ቅዳሜ ጠዋት ሱሉልታ ሜዳ ላይ አብረን ስንለማመድ ስለ ሪሊዝ፣ ማለትም የኮምፓውንድ ቀስት (ጫፎቹ ላይ መዘውር ያለው ቀስት) ገመድ ይዞ ስለሚለቀው መሣሪያ፣ ብዙ ጠይቃችሁኛል። የቻልኩትን ልመልስ።

ጋሼ፣ በጣት ስቦ መልቀቅ ምን ችግር አለው?
ጣት ሲለቅ ገመዱን ወደ ጎን ይገፋል፣ ፍላጻውም ይወላገዳል። ኮምፓውንድ አጭር ስለሆነ ገመዱ ጣትን ይቆነጥጣል። ሪሊዝ ግን ገመዱ ላይ የታሰረችውን ትንሽ የክር ቀለበት፣ ዲ-ሉፕ፣ ብቻ ይይዛል።

ለጀማሪ የቱ ይሻላል?
እጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውና በጠቋሚ ጣት ምላጩ (መልቀቂያው) ተስቦ የሚለቀቀው። ዘለበት ያለውን ምረጪ፤ ሁልጊዜ አንድ ቀዳዳ ላይ ይውላል።

ጠዋት ይመታልኛል፣ ረፋድ ላይ ይበተናል።
ጃኬትህን አውልቀህ ይሆናል! ብርዱ ላይ ማሰሪያውን ከእጅጌው በላይ ታስራለህ፤ ፀሐይ ሲወጣ በባዶ አንጓ። እጅህ መንጋጋህ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ተቀየረ ማለት ነው። ሁልጊዜ ቆዳህ ላይ እሰረው።

ዒላማው መሃል ስደርስ ጣቴ ምላጩን ድንገት ይመታዋል።
ይህ ብዙዎቻችንን ያሠቃየ ነው፣ እኔንም ጭምር። ፍላጻው መቼ እንደሚወጣ ማወቅ ስለፈለግህ ነው። ምላጩን በጣት ጫፍ አትንካው፤ የጣትህ ሁለተኛ አንጓ ላይ አሳርፈውና የትከሻህን አጥንቶች እያቀራረብክ በጀርባህ ሳብ። ጣትህን ዝም አሰኘው። ማዳበሪያ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀህ 3 ሜትር ላይ ቁም፤ ዒላማ አትለጥፍ፤ አነጣጥረህ ከሳብክ በኋላ ዓይንህን ጨፍን። ሁለት ሳምንት እንዲህ ብቻ ተኩስ። አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል።

ምላጭ የሌለው፣ በመዞር የሚለቀውስ?
ግሩም አስተማሪ ነው፣ ግን አትቸኩሉ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ገና ስስብ ለቀቀብኝና በገዛ ቡጢዬ ከንፈሬን ፈነከትኩት። መጀመሪያ ቀስት በምትስብበት ርዝመት ልክ ሲባጎ አስረህ ያለ ቀስት ተለማመድ። ቀስት ስትስብ አውራ ጣትህ መደገፊያው ላይ ይሁን። ምላጭ ላለውም ቢሆን፣ ስበህ እስክትጨርስ ጣትህ ከምላጩ ኋላ ይቆይ። ያለ ፍላጻ ለቀህ ደግሞ ቀስቱን እንዳትሰብረው።

ውድድር ላይ ይፈቀዳል?
በኮምፓውንድ አዎ፣ በሪከርቭ (ጫፎቹ ወደ ፊት የታጠፉ፣ መዘውር የሌለው ቀስት) አይፈቀድም። በ2028 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ኮምፓውንድ በድብልቅ ቡድን ይገባል፤ ደስ ይላል።

ሪሊዜ አቧራ ገብቶበት ይጣበቃል።
በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጥረጊው። ዘይት አታብዢበት፣ አቧራ ይሰበስባል። ከመሳብሽ በፊት የሪሊዙ መንጋጋ፣ ማለትም ዲ-ሉፕን የሚይዘው አፉ፣ ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን በዓይንሽ እይ።